የኋላ ወንበር የመረጡት መሪያችን

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን ትደግፊያለሽ ወይስ አዲሱ መድኃኒት ረዳሽ? ይህን ደብዳቤ በራስሽ ዓይን የምታነቢው ከሆነ ደስታዬን አልችለውም፤ እህቴ የምታነብልሽ ከሆነ ግን እንደ ልማዷ መሃሉን ዘላ መጨረሻውን እንዳታነብ ጠብቂያት። ወንድም ጋሼስ የእንጨት ሥራው ቀናው? ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንንስ ሳሉ ለቀቃት? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ትንሽ ወፍሯል፤ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ልክ እንደ አንቺ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔ ደግሞ ሰሞኑን መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ሰው ይታዘበኛል።

በስልክ የነገርኩሽ ወሬ እውነት ነው፤ የኦርኬስትራችን መሪ ሆኛለሁ። ያን ቀን መርቀሽኝ ስታበቂ፣ ያ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ እንጨት የሚያወዛውዝ ሰውዬ ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ መስመሩ ተቋረጠ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ቁም ሣጥን ተሸክመው ጠባብ ደረጃ የሚወጡ ሰዎች ሁሉም ጉልበት አላቸው፤ ግን "ያዝ፣ አንሣ፣ ዙር" የሚል አንድ ሰው ከሌለ አንዱ ሲጎትት አንዱ ይገፋል። እኛም እንደዚያው ነን። ልዩነቱ የምንሸከመው ዜማ መሆኑ ነው።

ኦርኬስትራችን ትንሽ ናት፤ ሠላሳ ሰው አንሞላም። የምንለማመደው ድሮ የክር መጋዘን በነበረ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲበረታ መሣሪያችንን አቅፈን እስኪያባራ እንቀመጣለን። ያቋቋሟት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባንድ መሪ የነበሩ ሰው ናቸው ይባላል፤ የሚቸኩል ነገር ሁሉ እሳት የተነሣ ይመስላቸው ነበር አሉ። ከሳቸው ቀጥሎ የመጣው ወጣት ደግሞ ወንበሩ ሳይሞቅ ትልቅ ከተማ ያለ ትልቅ ኦርኬስትራ ጠራውና ሄደ። ማንም አልፈረደበትም። እንደኛ ያለች ትንሽ ቦታ ለብዙ መሪዎች መሸጋገሪያ ድልድይ ናት፤ ድልድይ ላይ ቤት የሚሠራ የለም።

አንድ ሰው ግን ሠራ። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ እኔን ከቫዮሊን ተጫዋችነት አንሥተው ረዳታቸው ያደረጉኝ፣ ሃያ ዓመት ግድም መሩን። "ቀስ በሉ፣ ዜማው አይሸሽም" ማለት ስለሚያበዙ አባ ቀስታ እንላቸዋለን፤ ያውቃሉ፣ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። ሁለት ጊዜ ትልልቅ ቦታ ተጠርተው ቀርተዋል። ለምን ስላቸው፣ እዚያ ሄጄ የሰዎቹን ስም ሳልለምድ እሞታለሁ አሉኝ።

ያለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ጆሯቸው ደከመ። ዝቅ ያለውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ቀጭኑና ከፍ ያለው ግን ያመልጣቸዋል። እኛ አወቅን፤ እሳቸው አላወቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህም ይሆናል። ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ነገሩን ሸፋፍነን ከረምን። አንድ ጠዋት በልምምድ መሃል እጃቸውን አነሡና ፍሉት የምትባለውን ቀጭን ድምፅ ያላትን ዋሽንት የምትነፋዋን ልጅ ለምን አልገባሽም አሏት። ልጅቱ ግን ገብታ ነበር፤ እየተጫወተች ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባ ቀስታ እሷን አዩ፣ እኛን አዩ፣ አቀርቅረን ጫማችንን ስናይ ነገሩ ገባቸው። የሚመሩበትን በትር ዜማው የተጻፈበት ኖታ ላይ አጋደሙና፣ "የማልሰማውን ሰው ልመራ አይገባኝም" አሉ። ከዚያ ፍሉት ተጫዋቿ ዘንድ ሄደው ራሷን ዳበሷት። ያን ዕለት አልተለማመድንም።

ቦታው ሲከፈት ከሌላ ከተማ ሁለት መሪዎች መጡ፤ አባ ቀስታ ግፊት ስላበዙብኝ እኔም ተወዳደርኩ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሳምንት ካሠራን በኋላ ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጡ። ከቦርዱ አባላት አንዱ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብለው ነበር አሉ፤ በአርባ ዓመቴ ልጅ መባሌ ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ በእርግጥ ከእኔ ትበልጥ ነበር፣ አልዋሽሽም። ተጫዋቾቹ ግን እኔን መረጡ።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን በሩ ተከፈተና አባ ቀስታ የቪዮላ ሣጥን አንግተው ገቡ። ቪዮላ ከቫዮሊን በመጠን ተለቅ ያለች፣ ድምጿ ወፈር የምትል መሣሪያ ናት። እኔ ሊመርቁኝ የመጡ መስሎኝ ወንበር ልስጥ ስል፣ ከቪዮላዎቹ የመጨረሻውን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኧረ አይሆንም፣ የእርስዎ ቦታ እዚያ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። መሪ ከመሆናቸው በፊት ቪዮላ ተጫዋች እንደነበሩ፣ ይህች መሣሪያ አገጫቸው ሥር ስለምትያዝ በአጥንታቸውም እንደሚሰሟት፣ ጡረታ የወጣው በትሩ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ ነገሩኝ። ኖታቸውን አምጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁላቸው።

ጣጣው ከዚያ ጀመረ፣ እማዬ። እኔ ፈጠን ያለ አካሄድ እፈልጋለሁ፤ እሳቸው በኋላ ወንበር ሆነው ቀስ ይላሉ። ቪዮላዎቹ ሃያ ዓመት የለመዱት እሳቸውን ነውና ዓይናቸው እኔ ላይ፣ ልባቸው ወደ ኋላ ነው። አካሄዱ እንደ ተጎተተ ሸክም ይንፏቀቃል። ባቆምኩ ቁጥር፣ "ቪዮላዎች፣ ትንሽ ፈጠን" እላለሁ፤ ማንን ማለቴ እንደሆነ ከእሳቸው በቀር ሁሉም ያውቃል። በሙያው ያሳደጉኝን ሰው በምን አንደበቴ ዘገዩ ልበላቸው? አንቺን እኮ ወጥሽ ጨው በዝቶበታል ማለት ነው። በእረፍት ሰዓት ቤዝ የሚባለውን ሰው የሚያህል ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወተው፣ እኛ ግዙፉ የምንለው ሰው፣ ሻዩን እያማሰለ አንቺ እየመራሽን ነው ወይስ እየተከተልሽን ብሎ ጠየቀኝ። ቀልድ ነበር፤ ግን ወጋኝ።

ማክሰኞ ዕለት ፈጣኑ ክፍል ላይ ስንደርስ ዜማው ደግሞ ተጎተተ። አቆምኩ።

"ጋሼ፣ የዘገዩት እርስዎ ነዎት" አልኩ። "እጄን ይዩልኝ።"

አባ ቀስታ ቀስታቸውን ዝቅ... ምን ብዬ ልጻፈው፣ ቪዮላዋን የሚገርፉበትን ደጋን ማለቴ ነው፣ ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

"እውነትሽን ነው፣ ዘግይቻለሁ" አሉ። ከዚያ ወደ ቪዮላዎቹ ዞር ብለው፣ "ሹመቷ ከዛሬ ይቆጠር፤ ከእንግዲህ እኔን የሚያይ ሰው እንዳላይ" አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው ያቺ ፍሉት ተጫዋች ናት፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔማ ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ። ደግመን ስንጀምር ዜማው ከመሬት ብድግ ሲል በእጄ ላይ ተሰማኝ። አባ ቀስታ በዚያ ዕድሜያቸው አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን ከእጄ ሳይነቅሉ እንደ ጎረምሳ ይጫወቱ ነበር።

ኮንሰርታችን ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያ ፈጣኑ ክፍል ሲያልቅ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ደንግጬ መዞር ጠፍቶኝ ፊቴን ወደ ተጫዋቾቹ እንዳደረግሁ ቀረሁ። አባ ቀስታ ናቸው ዙሪ፣ ዙሪ እያሉ በጣታቸው ያመለከቱኝ። ልጄ ከፊት ወንበር ላይ ሆና በሁለት እጇ ስታጨበጭብ አፏን መሸፈን ረስታ ነበር።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ወንበር ስናነሣ አባ ቀስታ ሣጥናቸውን አንግተው ወደ እኔ መጡ። አንድ ትልቅ ነገር ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የእኛን ሰዓት ሲወስኑ የኖሩት ሰው፣ እንደማንኛውም ተጫዋች ፊቴ ቆመው፣ "ሰኞ ልምምድ በስንት ሰዓት ነው የምትይን?" አሉኝ።

በሦስት ሰዓት አልኳቸው። እሺ ብለው ሄዱ።

ወንድም ጋሼን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ሚስቱን የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል በያት። እህቴን፣ ዘልላ ካላነበበች ብቻ፣ አንድ ጊዜ ሳሚያት። ትንንሾቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ። ልብስ ሰፊዋን እግዜር ይማርሽ በያት። አንቺን ግን ራሴ መጥቼ ካልሆነ በሰው እጅ አልስምሽም።

ልጅሽ

ከመጋዘኑ አዳራሽ አጠገብ ካለችው ቢሮዬ፣ ኅዳር ፱ ቀን