ጨጓራ ነው ያልሽኝ ነገር

እህት ዓለም፣

ማልጄ ወጥቻለሁ፤ አልቀሰቀስኩሽም። ሽታው እንዳያጥወለውልሽ ሽንኩርቱን በረንዳ ላይ አውጥቼዋለሁ። ብስኩቱ ከትራስሽ አጠገብ ነው፤ ከአልጋ ሳትወርጂ ቅመሺ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔን፣ አብሬሽ የምኖር ጓደኛሽን፣ «ጨጓራ ነው» አልሽኝ። እኔ ሞኟ በየጠዋቱ ባልዲ ይዤ ስቆምልሽ፣ የወር አበባሽ መቅረቱን የሥራ ቦታሽ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ትናንት ሰማሁ፣ ያውም ከገዛ ወንድሜ፤ «አባት ልሆን ነው፣ አልነገረችሽም እንዴ?» ብሎ። እንደሚያውቅ ሰው ሳቅሁ።
የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

«ከሳሁ፣ አጥብቢልኝ» ያልሽኝ ቀሚስ ወንበሩ ላይ ነው።
አላጠበብኩትም።
ስፌቱ ውስጥ ያለውን ትርፍ ጨርቅም አልቆረጥኩትም፤ ሆድሽ ሲገፋ የሚያሰፋልሽ ሌላ ልብስ ሰፊ ፈልጊ።

የልጅሽ አክስት