ከቆጣሪው እስከ ማሞቂያው

ጥር 6
ጠዋት ሁለት ቤት ውሃ አስተካከልኩ። አንዱ የሽንት ቤት ታንከር፣ አንዱ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። ከሰዓት የጋዝ መስመር ዝርጋታው ትምህርት ተጀመረ። ከክፍሉ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ። አስተማሪዋ ልጅ እግር ናት። "አባባ፣ ወደ ፊት ይምጡ፣ ሰሌዳው ይታይዎት" አለችኝ። አባባ! ገና ሃምሳ እንኳ ሳልሞላ...

የሚያስጨንቁኝ፦
ሒሳቡ። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ደብተር መች ገልጬ አውቃለሁ?
ፈተናው።
ጋሼ።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። አሠሪዬ እሱ። የምንኖረው እሱ ግቢ። ትምህርቱንም የከፈለልኝ እሱ። የጋዝ መስመሩ ደህና ነው ብሎ የሚፈርምለት ሰው ጥሎት ስለሄደ እኔን ላከኝ። "ቶሎ ጨርስ፣ ሥራ እየጠበቀህ ነው" ብሏል። እምቢ ማለት ይቻል ነበር? በማን አፍ...

ጥር 9
የገባኝ፦ ጋዙ ከቆጣሪው ሲነሳ ግፊት አለው። በመንገድ ላይ ግፊቱ ይቀንሳል። መጨረሻው ምድጃ ወይም ማሞቂያ እስኪደርስ ከአንድ ሚሊባር በላይ መቀነስ የለበትም። ቱቦው ከቀጠነ ይበላዋል። ከረዘመም ይበላዋል።

ያልገባኝ፦ ጎሚቶው፣ የቱቦው ማጠፊያ። ቱቦው በታጠፈ ቁጥር ያቺ ጎሚቶ እንደ ግማሽ ሜትር ቱቦ ትቆጠራለች። ዕድሜዬን ሙሉ ለውሃ ስገጥማት ኖሬ ከቁም ነገር ቆጥሬያት አላውቅም። ዛሬም ረሳኋት። አጠገቤ የሚቀመጠው በያጅ "ግማሽ ሜትር" ብሎ ስም አወጣልኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ጥር 14
ዛሬ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ። መስመሩን ለሁለት ከፍዬ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አንድ ሚሊባር ፈቀድኩለት። አስተማሪዋ ወረቀቴን አይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
"አባባ፣ አንድ ዳቦ ይዘው መንገድ ወጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ጨረሱት። ለቀረው መንገድ ምን ይበላሉ?"
"ሌላ ዳቦ።"
"ማን ሰጠዎት?"
ማንም። ለጠቅላላው መንገድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሁሉም ቁራጭ ይደመራል።

ጥር 22
አለፍኩ!! ለጋሼ ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ነገ አንድ ቤት አለ። ሥራው አልቋል፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።" ያለቀ ሥራ?

ጥር 23
ቤቱ የአንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ግድግዳው አዲስ ሴራሚክ፣ የሚያብረቀርቅ። "ልጄ፣ እጅህን ሳትታጠብ እንዳትነካብኝ" አሉኝ እየሳቁ። ቱቦው ከኋላው ተቀብሯል። የጋሼ ሠራተኞች ግድግዳው ሳይለሰን ያነሱትን ፎቶ ይዤ ለካሁ።

ከቆጣሪው እስከ ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ቱቦ፣ ዘጠኝ ሜትር፣ አራት ጎሚቶ። የሚበላው ዜሮ ነጥብ ሰባት።
ከዚያ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ማሞቂያ አሥራ አምስት ሚሊሜትር ቱቦ፣ ሦስት ሜትር፣ ሁለት ጎሚቶ። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።

ለየብቻ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሲደመሩ አንድ ነጥብ ስድስት። ደግሜ ደመርኩ። ያው።

መኪና ውስጥ ነገርኩት።
"ጋሼ፣ ከተፈቀደው አልፏል።"
"በስንት?"
"በዜሮ ነጥብ ስድስት።"
"ዜሮ ነጥብ! ለዚህ ነው ፊትህ ሬሳ የመሰለው?"
"ምድጃውና ማሞቂያው አብረው ሲበሩ ማሞቂያው ግፊት ያንሰዋል። እሳቱ በትክክል አይነድም። መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ሰው ይታፈናል።"
"ታዲያ አብረው አያብሯቸዋ!"
"ወረቀቱ ላይ የሚገባው የኔ ስም ነው ጋሼ..."
"ፈቃዱን ማን አስወጣልህ?"


ጥር 24
አልፈረምኩም። አልፈርምም ብዬም አልተናገርኩም።

ጥር 26
ብፈርም፦ እትዬ ገላቸውን ሲታጠቡ በየቀኑ እየታየኝ...
ባልፈርም፦ ሥራ የለም። ቤትም የለም። ልጆቹስ? ባለቤቴስ? ወንድሟ እኮ ነው።
በየት በኩል ልውጣ? በሩ ሁሉ የሱ ነው።

ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ዘረገፍኩላት። ቀና እንኳ አላለችም።
"ትፈራዋለህ?"
"ወንድምሽ ነው።"
"እሱን መች ጠየቅኩህ?"
"...እፈራዋለሁ።"
"እኔም። ከልጅነቴ ጀምሮ። እዚህ ግቢ እንግዳ የምጠራው እንኳ አስፈቅጄ ነው። አንተ ደስ ብሎህ ነው የምትኖረው ብዬ ነበር ዝም ያልኩት።"
እኔ ደግሞ እሷ ደስ ብሏት መስሎኝ! ስንት ዘመን፣ አንዳችን ለአንዳችን ብለን...
"ቤት ፈልግ" አለችኝ። ካልሲዎቹን ማጣመር ቀጠለች።

ጥር 28
ለጋሼ እምቢ አልኩት። ቀጥሎ እትዬ ዘንድ ሄጄ ማሞቂያውን ዘጋሁት፣ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። ሴራሚኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ሕመሜን እያወቀ ደህና ነሽ ከሚለኝ ሐኪም ያውጣኝ። ይፍረስ።"
ስመለስ ጋሼ በር ላይ ቆሟል። "ያጎረሰ እጅ ተነከሰ!" ልጆቼ ሰሙ።

የካቲት 3
ገባን። አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። አልጋውን አስገብተን በሩ አልዘጋ አለ። ባለቤቴ እስኪያማት ሳቀች። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሥራ ከየት ይመጣል?

የካቲት 13
ጋሼ ሌላ የሚፈርምለት አላገኘም። እትዬም ወይ አስተካክል ወይ እከስሃለሁ አሉት። ትናንት ሰው ልኮ አስጠራኝ። ዛሬ ግድግዳውን ከፈትን፣ አሥራ አምስቱን አውጥተን ሃያ ሁለት አስገባን። ጎሚቶዎቹን ቆጠርኩ። ደመርኩ። ሁለቱ ቁራጭ ተደምሮ አንድ ሚሊባር አልሞላም። ሁለቱንም አብርተን መለኪያውን አየን፣ ልክ ነው። ፈረምኩ።

ጋሼ አቧራውን ከኮቱ እያራገፈ መጣ። "በቃ፣ ወደ ግቢው ተመለሱ። ክፍሉን ለሰው አልሰጠሁትም።"
"አይ ጋሼ፣ እዚያው ደህና ነን።"
"ነገ ግን ሥራ ትመጣለህ አይደል?" አለኝ።
"እመጣለሁ። ግን ግድግዳው ሳይለሰን ቱቦውን ልለካው።"
መልስ እስኪሰጥ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ። አልቸኮልኩም።
"እሺ" አለ።
ጋሼ እሺ ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ።