ዓሣ የያዘ ሰው ሰላም አይልም

አስቱዬ፣

ከተለየሽን አስራ አንድ ወር ከሳምንት ሆነ። ወሬ ሳልነግርሽ ይህን ያህል ቆይቼ አላውቅም፤ የቤቱን ቶሎ ልጨርስና ወደ ዋናው ልግባ።

ቡሪየን ከተማ ያለው ቤታችን ደህና ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። ልጃችን ሜሮን መንጃ ፈቃድ አውጥታ ኤርፖርት ሥራዬ የምታደርሰኝ እሷ ናት። በአማርኛ ሳናግራት አሁንም በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ መንገድ ላይ ስትናደድ ግን የምትሳደበው በአንቺው አማርኛ ነው። ሽሮው እኔ ስሠራው ይጓጉላል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግሽን ከጋራዥ አውጥቼ ሳሎን አቁሜዋለሁ። እንግዳ ሲጠይቀኝ "የባለቤቴ ነው" እላለሁ፤ አያምኑኝም። ባል መረብ ይዞ ቆሞ ሚስት ዓሣ ስትጎትት በእኛ ሰው ዘንድ ማን አይቶ ያውቃል?

አሁን ወደ ጋሽ ወልዴ። ነገሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይወጣልኝም።

የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም ነው። ሰው የሚያሻግረው የፌሪ ጀልባ መቆሚያ አጠገብ ያለው ጠጠራማ ዳርቻ ላይ ትልቅ የሳልመን ዓሣ ይዘሽ ትታገያለሽ። በፊተኛው ሳምንት ዘወር ብለሽ ሰው በሁለት እጅ ሰላም ስትዪ ክሩ ላልቶ ዓሣ አምልጦሽ ነበር። የዚህ አገር ሕግ ለሳልመን የሚፈቅደው እሾህ የሌለው መንጠቆ ነው፤ ክሩ ለአፍታ ከላላ ዓሣው መንጠቆውን ተፍቶ ይሄዳል። አንቺም "ዓሣ የያዘ ሰው ሰላም አይልም" ብለሽ ቆርጠሻል። ጋሽ ወልዴ ዶክተር ያዘዘላቸውን የእግር ጉዞ እያደረጉ መጡ። ሰባን ያለፉ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያቸውን አንስተው "እንዴት ዋልሽ ልጄ?" አሉ። አንቺ ጀርባሽን እንደሰጠሽ "ቆይ!" አልሽ።

ሳልመኑ ወጣ፤ ሰውየው ግን ሄዱ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ "አስቴር ጠግባለች" የሚለው ወሬ ቀድሞን ገብቶ ነበር።

ሆስፒታል ሆነሽ አደራ ያልሽኝ ይህንኑ ነበር፦ "ንቀት እንዳልነበረ ንገራቸው፤ ዓሣ ይዛ ነበር በላቸው።" ለቅሶሽ ላይ ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው። "ሟች አይወቀስም" ብለው ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። በፋሲካም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሙት ዓመትሽ እየቀረበ ሲመጣ እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸው ቂም ይዘው ከጠረጴዛው ሲቀመጡ እኔ እንዴት አድርጌ እንጀራ አቀርባለሁ?

ያለፈው ቅዳሜ ዘንግሽን ይዤ ወደዚያው ዳርቻ ወረድኩ። መንጠቆው ላይ ትንሽ ዓሣ ሰክቼ፣ ተንሳፋፊውን ወርውሬ ቆሜ ሳለ፣ የጋሽ ወልዴ ልጅ ጽጌ አባቷን ይዛ መጣች። ከማዶው ደሴት በፌሪ የሚመጡትን አማቷን ሊቀበሉ ነው፤ ጋሽ ወልዴ በግራጫ ሱፍ ከነከረባታቸው። ጽጌ "ኦኬ፣ እኔ ፓርክ አድርጌ እማማን ይዤ እመጣለሁ" ብላ እኔ ዘንድ ተወቻቸው። ሰላምታችን ሙሉ ነበር። ከቴርሞስ ሻይ ልቅዳላቸው ብዬ ዘንጉን አስያዝኳቸው። የማጥመድ ፈቃድ የላቸውም፣ አውቃለሁ፤ አትቆጪኝ።

ኩባያው ሳይሞላ ዘንጉ ጎበጠ።

"ኧረ ምን ጉድ ነው! ያዝልኝ!"

"እርስዎ ይያዙ! ጫፉን ወደ ላይ! ሲሮጥ ይልቀቁት፣ ሲቆም ይጠቅልሉ!"

አንቺ የምትዪውን ሁሉ እኔ ጮህኩ። ዓሣው ሦስት ጊዜ ሮጠ። ለካ ፌሪው ደርሶ ኖሮ፣ የጽጌ አማት ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው በጠጠሩ ላይ ይመጣሉ። "ጋሽ ወልዴ! እንደምን ከረሙ!"

የልጅ አማት ናቸው እንግዲህ። ጋሽ ወልዴ ግማሽ ዞሩ፤ የዘንጉ ጫፍ ወረደ። ልናገር አፌን ከፍቼ ተውኩት። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱና፣ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ "ባሉበት ይቁሙ!" አሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቀሩ።

ፌሪው ያስነሳው ሞገድ ደረሰ። "ከሞገዱ ጋር ወደ ኋላ ይራመዱ፤ ውሃው ሲመለስ ግን አይጎትቱ፣ መንጠቆው ይነቀላል" አልኳቸው። በመጀመሪያው ሞገድ አልመጣም። በሁለተኛው ቀረበና ተመለሰ። በሦስተኛው ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ወጣ፤ መረቤን እንኳ አላነሳሁም። ክንድ የሚያህል፣ ብር የመሰለ ሳልመን።

ጋሽ ወልዴ ውሃ ያመጣው ግንድ ላይ ቁጭ አሉ። ጫማቸው ርሷል።

"አስቴርን ያን ቀን እንዲህ ነበር ያደረጋት?"

"የእሷ ከዚህ ይበልጥ ነበር" አልኳቸው።

"ጠግባለች ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ከእኔ ነው የሰማው" አሉ።

ከዚያ ተነስተው ወይዘሮ በላይነሽን ሳሙ። ወይዘሮዋ ግን "አሁንስ ዓሣው ፈቀደልዎት?" እያሉ እስከ መኪናው ድረስ አሾፉባቸው። ጽጌ በሳቅ ልትወድቅ ነበር።

ሙት ዓመትሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጋሽ ወልዴ ሰኞ ደወሉ። "ከምግቡ በፊት ቆሜ የምናገረው እኔ ነኝ" አሉ፤ "ያማኋት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ነው የምጠይቃት።" እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ለሜሮን ነገርኳት። በአማርኛ "እሰይ" አለች።

እኔ ንግግር አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እዚያው ዳርቻ ነኝ። አጠገቤ ቆሞ "ይህን ማን አስተማረህ?" የሚል ሁሉ ስምሽን ሳይሰማ አይሄድም።

ባለቤትሽ ተስፋዬ