ሰኞና ሐሙስ

መካነ ሰላም፣ የካቲት ፳፯ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለእቴ ፈዲላ፣

አሰላሙ አለይኩም። አሥመራ ላይ ለአንቺም ለልጆችሽም አላህ ዐፊያውን ያውርድላችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንፈልግህም ሲለኝ የከረመው የውጭ አገሩ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀበለኝ። እስከ ሚያዝያ መልስ ስጠን ብለዋል። መኪና በገባ ቁጥር ፖስታ አለ ወይ እያልኩ ስሮጥ የነበርኩት ሰውዬ፣ ደብዳቤውን ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤ ወር አለፈኝ። ለአባዬም አላነበብኩላቸውም። በመምህራኑ አድማ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት ነው የምውለው።

አባዬ ቁርአን ማስቀራታቸውን አልተዉም። ደረሳዎቹ ግን ከሠላሳ ወደ ዘጠኝ ወርደዋል። ድሮ መንደሩ ነበር የሚያበላቸው፤ ዘንድሮ መንደሩም የሚበላው ስለሌለው እኔ የምሸምተውን አብረውን ይቀምሳሉ። ገበታ ሲቀርብ አባዬ፣ «እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ለልጆቹ ስጥልኝ» ይላሉ። ሰኞና ሐሙስ መጾም የቆየ ልማዳቸው መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አልከራከራቸውም።

ትናንት ማክሰኞ ነበር። ትናንትም ጾመኛ ነኝ አሉ።

ለዩኒቨርሲቲው ገና መልስ አልሰጠሁም። አባዬ ለአንቺና ለልጆችሽ ዱዓ አድርገዋል፤ ድምፃቸው አነስ ስላለ አሚን ያልነው አጠገባቸው ተጠግተን ነው።

ወንድምሽ ሱሌማን