ጥፋተኛውን ሳይገምት ከገበታ የሚነሳ አልነበረም

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ማነው» እያለ የሚጠራቸው ደራሲ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአባታቸው ሱቅ በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሞረድ ድምፅ እየሰሙ አደጉ።

አራተኛ ክፍል ሳሉ የትምህርት ቤቱ ደወል ምላስ ጠፋ። ዘበኛው ተማሪውን፣ ተማሪው ዘበኛውን ሲጠረጥር፣ እሳቸው ግን ራስ ምታት የማይለቃቸው የሒሳብ መምህር ከዚያ ቀን ወዲህ ፊታቸው መፍካቱን ልብ አሉ። መምህሩን ለብቻቸው ጠየቁ እንጂ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ምላሱ በማግስቱ ቦታው ተገኘ። ኋላ በጻፏቸው የምርመራ ልብ ወለዶች ደም የማይፈሰው፣ ጥፋተኛውም እስር ቤት ሳይሆን የበደለው ሰው ቤት ገብቶ ይቅርታ የሚጠይቀው ከዚያ የተነሳ ነው ይሉ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በአንድ ላውንደሪ ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። ሥራቸው ልብስ መቀበልና ኪስ መፈተሽ ነበር። «ሰው አፉን ይዘጋል እንጂ ኪሱን አይዘጋም» የሚሉትም ከዚያ ነው። የላውንደሪውን የተቀደደ ልብስ የሚጠግኑትን ልብስ ሰፊ በ1964 ዓ.ም. አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1968 ዓ.ም. ታተመ፤ ከዚያ በኋላም ከደርዘን በላይ ጽፈዋል። ጎህ ሲቀድ ተነስተው በልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ቆመው ይጽፉ ነበር። ወንበር ሲቀርብላቸው፣ «እኔ ከተቀመጥኩ ሌባዬም ይተኛል» ይሉ ነበር።

ማንኛውም መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እራት ላይ ይነበባል። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀር ያቆሙና «ማነው?» ይላሉ። ጥፋተኛውን ሳይገምት የሚነሳ የለም። አንድ ሰው በትክክል ከገመተ ጥፋተኛው ይቀየራል፤ መጽሐፉም ከሥሩ ይፈታል። ባለቤታቸው ታሪኩ ውስጥ ልብስ ሰፊ ከገባ፣ «እሱ ነው! የሙያ ጓደኞቼን አላጣቸውም» እያሉ ያስቁ ነበር፤ ከልባቸው ሲገምቱ ግን ግምታቸው መሬት ጠብ አይልም። «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ወር የለፋሁበትን!» ብለው እትዬ ማነው ወረቀቱን ሲሰበስቡ፣ ባላቸው ደግሞ ወጥ ይጨምሩ ነበር።

እንዴት እንደሚያውቁ ለሚስታቸው ነግረው አያውቁም። ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር የምትሄደውን ሴት ልጃቸውን ሲሸኙ ግን በጆሮዋ፣ «ፍንጩን ተይው። እናትሽ ጥፋተኛ የምታደርገው ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ሰው ነው» አሏት።

ባለቤታቸው በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ እትዬ ማነው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የሚገምተኝ ከሌለ ለማን ልደብቅ?» ነበር መልሳቸው።

ልጃቸው በ2011 ዓ.ም. ተመለሰች። ቧንቧውም፣ መንገዱም፣ የቤቱ አቀማመጥም አልጥም አላት። «እማዬ፣ ዓለም በግፍ ተሞልቶ ያንቺ ሰዎች የጠፋ ጃንጥላ ይፈልጋሉ?» ብላ እስከመጠየቅ ደረሰች። እሳቸውም፣ «ያንቺን ዓለም ጠግኚና ነይ፤ እስከዚያ ጃንጥላዬን ልፈልግ» አሏት። እዚህ ቤት ቦታ እንደሌላት ታስብ ነበር፤ ሻንጣዋንም ሙሉ በሙሉ አላወጣችም። በማግስቱ ጠዋት ግን መተኮሻው ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ እናቷም ቆመው ሲጽፉ አገኘቻቸው።

በ2013 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ቆመው መጻፍ ሲያቅታቸው እሳቸው እየተናገሩ ልጃቸው ጻፈች። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ስለነገራቸው ጭንቀታቸው አንድ ነበር፦ መጽሐፉን መጨረስ። ታሪኩ በአንድ የኪራይ ቤት ስለጠፋ የማይሠራ የግድግዳ ሰዓት ነው። ከተከራዮቹ መካከል ከሩቅ አገር የተመለሰች፣ ምንም ነገር የማያስደስታት ወጣት አለች።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀር ቀና ብለው፣ «ማነው?» አሉ።

ልጅቷ በትክክል ከገመተች መጽሐፉ እንደሚፈርስ፣ ዳግመኛ ለመሥራትም ጉልበት እንደሌለ ታውቃለች። መዋሸት ግን አልሆነላትም።

«ከሩቅ የመጣችው ናት» አለች። «ልታሠራው ወስዳው ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አባዬ። ጥፋተኛ የምታደርጊው ከሁሉ አብልጠሽ የምትወጂውን ሰው ነው ብሎኝ ነበር።»

እትዬ ማነው ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። «ያ ሰውዬ! ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው የረታኝ?» ካሉ በኋላ፣ «በይ ጻፊ። ይቺን አልቀይራትም» አሏት። ሕጋቸውን ያፈረሱት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከድካም ነው የሚሉ ቢኖሩም፣ ልጅቷ ሻንጣዋን ያን ዕለት ባዶ አድርጋለች።

መጽሐፉ ተጠናቋል። እትዬ ማነውም የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። አንዲት እህት፣ ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል።

ጥፋተኛውን ሁሉ ቤት አስገብተው እንዳስታረቁ፣ ፈጣሪም ለቁልፍ ሠሪው ልጅ በሩን ይክፈትላቸው። ነፍሳቸው ትረፍ።