ጥዱን ተክለው ጥዱን የቆረጡት እትዬ መጋዝ

እትዬ መጋዝ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ለማሾፍ የወጣ ቢሆንም እሳቸው ወደውት ስለኖሩ እኛም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1966 ዓ.ም. አጠናቀው፣ ሁለት ዓመት በደን ሙያ ሠልጥነው በችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ። የጣቢያውን ኮረብታ የፈረንጅ ጥድ ያለበሱት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው። ከጥዱ ሥር በራሱ ጊዜ የሚበቅለውን የወይራና የብሳና ቡቃያም አረም ነው ተብለው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነቅለዋል፤ አስነቅለዋልም። ይህን ጥፋታቸውን ደብቀው አያውቁም። «በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ፤ በገዛ እጄ እመልሰዋለሁ» ይሉ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው እኛን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ ወልደዋል። ኋላ ላይ አባታችን ለእሳቸው አገር በቀል ችግኝ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ደብቀው ሲያመላልሱ ተይዘው ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል።

በ1979 ዓ.ም. ከኮረብታው ግርጌ ያለው ምንጭ ሲደርቅ እትዬ መጋዝ ውሃውን የመጠጠው ጥዱ ነው፤ ጥዱ ይነሣ፣ ወይራው ይመለስ ብለው አመለከቱ። ሥራ አስኪያጁ «ጥድ ይሸጣል፤ ወይራሽን ማን ይገዛሻል?» አሏቸው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ሄክታር ተፈቀደላቸው። እሳቸውም ቸኩለው ጥዱን በአንድ ጊዜ ጠርገው ቆረጡት። ለጋ ወይራ ጥላ ይፈልጋልና የተከሉት ስምንት መቶ ችግኝ በፀሐይ ነደደ። መሥሪያ ቤቱ ሳቀ፤ መጋዝ የሚለው ስምም ያኔ ወጣ። እሳቸው ግን እጅ አልሰጡም። ከዚያ ወዲያ ጥዱን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያሳሱ፣ የቀረውን የችግኝ ሞግዚት አድርገው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሳይቀር ስድሳ ሄክታር የአገር በቀል ደን አቆሙ። ምንጩ እንደ ድሮው ሆኗል ብለን አንዋሽም፤ በጋ ላይ ዛሬም ይጠፋል።

ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ደኑ ተመንጥሮ ዳግም ጥድ ይተከልበታል የሚል ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ መጣ። ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ከዚያም መነጽራቸውን ተቀብለው በጀርባው «አይሆንም» ብለው ጽፈው ፈረሙበት። ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ደብዳቤውን የላካችሁ ኃላፊዎችም እዚህ መካከላችን ቆማችኋል። ማጽናናታችሁን ከልብ ተቀብለናል፤ ደብዳቤያችሁን አልተቀበልንም።

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። ሊመነጥር የሚመጣ ካለ ሰኞ ጠዋት ኮረብታው ላይ ያገኘናል።