በአንቱታ የመጡ ሰዎች

ሰኞ

...ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ፤ ዝም ሲሉ ነው የፈራሁ፣ ብለው አክስቴ ወሬውን እዚያ ላይ አቋረጡት። ጎረቤት ጠራቸውና ወጡ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ወሬ ነው፤ ግማሹን ይዤ ቀረሁ።

ግማሹ ይበቃኛል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ።

አክስቴ ጋሳይ ከተማ አጠገብ ባለው መንደራቸው ሳሉ፣ ሙሉ ለምትባል ባሏ ለሞተባት ጎረቤታቸው ስለ መሬት ድንበር ሊመሰክሩ ነበር። በችሎቱ ዋዜማ ጠዋት የተከራካሪዋ ወገን ሰዎች ደጃቸው ላይ ተሰበሰቡ። አክስቴ አልመሰከሩም። ሙሉ መሬቷን አጣች። ከዚያ ወዲህ አክስቴ እዚህ ደብረ ታቦር፣ እኔ ጋ ናቸው።

ምዕራፉን ዛሬ ጨረስኩት። ዱላ፣ ፉጨት፣ «አውጧት!»፣ አሥራ አንድ ቃለ አጋኖ። አርታኢዬ እስከ ዓርብ ትጠብቃለች። ለአክስቴ ግን ቃል ገብቻለሁ፤ ሳላነብላቸው፣ እሺ ሳይሉኝ አልክም።

ማክሰኞ

ቃለ አጋኖዎቹን ለቀምኳቸው። ጩኸት ያስደነግጣል እንጂ አያስፈራም። የሚያስፈራው ባለቤት የሌለው ግሥ ነው። «እንዳይሄዱ ተብሏል።» ማን አለ? ማንም።

ሌላም አገኘሁ። ሰዎቹ ሲመጡ ባለታሪኳን «አንቱ» ይሏታል፤ መሐል ላይ አንዱ «አንቺ» ይላል። ያች አንዲት ፊደል ከዱላው ትብሳለች።

ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ረቡዕ

ዝናብ። መብራት የለም። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አነበብኩላቸው፤ እሳቸው ድንች ይልጣሉ። «አንቺ» ላይ ስደርስ ቢላዋው ቆመ።

«ማነው አንቺ ያለኝ?»

«ልብ ወለድ ነው አክስቴ።»

«ይሁና! አንቺ ቢሉኝማ አባት አያታቸውን ጠርቼ በሰደብኳቸው። ጡቴን ያጠባሁት የጎረቤት ልጅ ሳይቀር አለበት እኮ። እንደምን አደሩ አሉኝ። ጉልበትዎን ተሻለዎ አሉኝ። ከዚያ አንዱ ሽቅብ አየና፣ እትዬ ያልጋነሽ፣ ክዳንዎ እንዴት ደርቋል አለኝ።»

የቤታቸው ክዳን ሣር ነበር።

«ምን ብዬ ልመልስለት? ስለ ክዳኔ ላሰበልኝ ሰው?»

ድንቹን መላጥ ቀጠሉ።

ሐሙስ

«አንቺ»ን ሰረዝኩ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ የኮራሁባት ናት። ቢያመኝም አክስቴ ልክ ናቸው።

የወጡ፦ ዱላ፣ ፉጨት፣ «በቁጣ»፣ «በዛቻ»፣ የሚያበራ ዓይን ሁሉ። የገቡ፦ እንደምን አደሩ። ጉልበትዎን ተሻለዎ? ክዳንዎ እንዴት ደርቋል። አሥራ አራት ገጽ ስድስት ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም።

አርታኢዬ ደወለች። «ሴትዮዋ ምን መለሰች? አንባቢ ስትጮህ መስማት ይፈልጋል» አለች። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። አክስቴ ነግረውኝ አያውቁም። ዛሬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፣ «ካልከበደዎ» እያልኩ፣ ለስለስ ብዬ፣ ደጋግሜ። ሦስተኛውን ስጀምር የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ተውኩት።

ዓርብ

ጠዋት። እንደገና አነበብኩላቸው። ባዶው ቦታ ስደርስ ቆምኩ። አልጠየቅሁም።

«ግቡ አልኳቸው» አሉ። «አጎዛ አነጠፍኩ። ጠላ ቀዳሁላቸው። ሲወጡ መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።»

እዚያው ፊታቸው ጻፍኩት። ምዕራፉ ሞላ፤ አንድ ቃል አይጨመርበትም፣ አንድ ቃል አይቀነስም።

«ልላከው አክስቴ?»

«ሙሉ ማንበብ ትችላለች?»

«ልጇ ታነብላታለች።»

ተነሡ። ወደ ክፍላቸው ገቡ። በሩ ተዘጋ፤ እሺ አላሉኝም።